ባዝ ዙሪያ ባለ የገጠር ማረፊያ ለሚያድሩ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ባዝ ከተማ ዙሪያ ባሉ መንደሮች ውስጥ ጥቂት ቀን ለማደር ላሰቡ የተዘጋጀ ነው። ከለንደን ወይም ከሌላ የእንግሊዝ ከተማ ለዕረፍት ለሚወጡም፣ ዘመድ ሊጠይቁ ከአሜሪካና ከአውሮፓ መጥተው በዚያው ገጠሩን ማየት ለሚፈልጉም ያገለግላል። አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ እዚህ የተጻፈው ሰዓትና ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑ ነው። 14፡00 ሲባል በእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ማለት ነው። ከዘመድ ጋር ሲቀጣጠሩም የትኛውን ሰዓት እንደሚሉ ይለዩ፤ የገጠር ወጥ ቤት አንዴ ከተዘጋ አይከፈትምና።

«ኢን» የሚባለው ማረፊያ ከሆቴል በምን ይለያል?

ኢን ከታች ፐብ (መጠጥና ምግብ የሚሸጥበት የእንግሊዝ ቤት)፣ ከላይ ወይም ከጓሮ ጥቂት መኝታ ክፍሎች ያሉት ቤት ነው። ጥንት በፈረስና በሠረገላ የሚጓዝ ሰው ከነከብቱ የሚያድርበት ስለነበር ብዙዎቹ መንገድ ዳር ወይም መንደር መሃል ይገኛሉ፤ የፈረሶቹ ጋጣም ታድሶ ዛሬ መኝታ ሆኗል። ሌሊቱን ሙሉ የሚቀመጥ እንግዳ ተቀባይ ብዙ ጊዜ የለም። ክፍል የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ከ15፡00 ጀምሮ ነው። አምሽተው የሚደርሱ ከሆነ ቀደም ብለው ደውለው ቁልፉ የት እንደሚቀመጥ ወይም የበሩ ኮድ ስንት እንደሆነ ይጠይቁ፤ ፐቡ ሲዘጋ የሚያስገባ ሰው ላያገኙ ይችላሉ።

ቤቶቹ ያረጁ ናቸው፤ ውበታቸውም ችግራቸውም ከዚያ ይመጣል። ደረጃው ጠባብና ገደላማ ነው፣ ሊፍት የለም፣ የወለሉ ሳንቃ ያዘነብላል፣ የጣሪያው አግዳሚ እንጨት ቁመተ ረጅም ሰው ግንባር ላይ ይደርሳል። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ወይም አባት ይዘው ከመጡ ሲይዙ «ምድር ቤት ያለ ክፍል» ብለው ይጠይቁ፤ በጋጣው በኩል ያሉት ክፍሎች ብዙውን ጊዜ ደረጃ የላቸውም። ሻወር አለው ወይስ ገንዳ ብቻ የሚለውንም ይጨምሩ። ቅዳሜ ማታ ከፐቡ በላይ ያለ ክፍል እስከ 23፡00 ድረስ ጫጫታ ይሰማበታል፤ እንቅልፋቸው ቀላል የሆኑ ሰዎች የጓሮውን ክፍል ይምረጡ።

ስለ ቡና ደጋግመን እንጠየቃለን። ክፍል ውስጥ ቡና መቁላትም ሆነ ዕጣን ማጨስ አይቻልም። የጭስ ማስጠንቀቂያው ወዲያው ይጮኻል፤ ቤቱን ሁሉ ያስወጣል። አንዳንዱ ጣሪያ የሣር ክዳን፣ ግድግዳውም የእንጨት ማገር ያለው ስለሆነ ባለቤቶቹ እሳት ላይ የሚጨነቁት በምክንያት ነው። ቤት ተቆልቶ የተፈጨ ቡና ይዘው ቢመጡ ክፍሉ ውስጥ የውሃ ማፍያ ስለሚኖር ለሲኒ ያህል ይበቃል።

ስንት ሌሊት ይበቃል?

ሦስት። በሁለት ሌሊት የሚመጣ ሰው አንድ ሙሉ ቀን ብቻ ያገኛል፤ ያንንም ቀን አምስት ቦታ ለማዳረስ ሲሮጥ መኪና ውስጥ ይጨርሰዋል። በእኛ እምነት ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ሁለቱን ሙሉ ቀን ለባዝና በእግር ለመሄድ፣ የመምጫውንና የመመለሻውን ቀን ደግሞ ለመንደሮቹና ለጥንት ድንጋዮቹ ቢመድቡ በቂ ነው። ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ዋጋውም ሰዉም ይቀንሳል።

እሑድ ማታ ይጠንቀቁ። የእሑድ ምሳ የእንግሊዝ ፐብ ትልቁ ማዕድ ስለሆነ ወጥ ቤቱ ከቀትር ጀምሮ ሠርቶ 16፡00 ገደማ ይዘጋል፤ ማታ ምግብ የማያቀርቡ ብዙ ናቸው። ሰኞ ጨርሶ የማያበስሉም አሉ። ሲይዙ «እሑድና ሰኞ ማታ ምግብ አለ?» ብለው ይጠይቁ፤ ከሌለ ለእራት የሚሆን ነገር ከባዝ ገዝተው ይግቡ።

መኪና የግድ ነው?

ማረፊያው የት እንዳለ ይወስነዋል። ከለንደን ፓዲንግተን ባዝ ስፓ በባቡር አንድ ሰዓት ከሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ነው። ከባዝ ብራድፎርድ ኦን ኤቨን 15 ደቂቃ፣ ቺፕነም ደግሞ 12 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ መኪና የሌለው ሰው ማረፊያውን ባቡር በሚቆምበት መንደር ወይም ከጣቢያው በእግር በሚደረስበት ቦታ ይያዝ፤ ብራድፎርድ ኦን ኤቨን ለዚህ ተስማሚ ናት። የመንደር አውቶቡስ ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ በጊዜ ይቆማል፣ እሑድ ጨርሶ የማይሠራባቸው መስመሮች አሉ። ታክሲም ቆሞ የሚጠብቅ የለም፤ ማታ የሚያስፈልግ ከሆነ ጠዋት ላይ ማስያዝ ይሻላል።

በገጠሩ መንገድ መንዳት ይከብዳል?

በግራ መንዳቱ በአንድ ቀን ይለመዳል። የሚያስቸግረው ሌላ ነው፤ መንገዱ አንድ መኪና ብቻ ያስተላልፋል፣ ግራና ቀኙ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ የቁጥቋጦ አጥር ነው፣ ኩርባው ደግሞ አያሳይም። ነጭ ክብ ላይ ጥቁር ሰያፍ መስመር ያለበት ምልክት ካዩ በነጠላ መንገድ ላይ ጣሪያው በሰዓት 60 ማይል ነው ማለት ነው። ያ ግን ሕጉ የሚፈቅደው ጣሪያ እንጂ የሚነዳበት ፍጥነት አይደለም። በጠባቡ መንገድ ላይ 20 ወይም 25 ማይል ይበቃል።

ከፊት መኪና ሲመጣ መንገዱ የሰፋበት መተላለፊያ የቀረበው ሰው ይቆማል ወይም ወደ ኋላ ይመለሳል። መተላለፊያው በግራዎ ከሆነ ይግቡበት፤ በቀኝ ከሆነ ግን አይሻገሩ፣ ባሉበት ቆመው የሚመጣው ሰው እንዲገባበት ያድርጉ። ሲያልፉ እጅ ከመሪው ላይ ብድግ አድርጎ ማመስገን ደንብ ነው። የኪራይ መኪና ሲያዙ አውቶማቲክ ከፈለጉ በግልጽ ይጠይቁ፤ ትንሽ መኪና ይምረጡ። ካርታውን ከከተማ ሳይወጡ ስልክዎ ላይ ያውርዱ፤ ሸለቆው ውስጥ ኔትወርክ ይጠፋል፣ የመኪና ማቆሚያ ክፍያውም አንዳንዱ በስልክ መተግበሪያ ብቻ ነው። ሌላው ደግሞ ሳንቲም ሊጠይቅ ስለሚችል ጥቂት ሳንቲም መያዝም አይከፋም።

በሰው እርሻ ውስጥ በእግር ማለፍ እንዴት ይፈቀዳል?

በእንግሊዝ በግል መሬት ላይ የሚያልፍ የሕዝብ የእግር መንገድ አለ። መሬቱ የገበሬው ነው፣ የማለፍ መብቱ ግን የሁሉም ነው። ቢጫ ቀስት ለእግረኛ ብቻ፣ ሰማያዊ ቀስት ለእግረኛ፣ ለፈረስና ለብስክሌት የተፈቀደ መሆኑን ያመለክታል። ቀስቱ በአጥር እንጨት ወይም በበር ላይ ተቸንክሮ ያገኙታል። የሚያስፈልገው ካርታ ደግሞ ኦርድናንስ ሰርቬይ የተባለው የብሪታንያ የካርታ ድርጅት የሚያወጣው ኤክስፕሎረር ነው፤ ሽፋኑ ብርቱካናማ ሲሆን መጠኑ 1፡25,000 ነው። በካርታው ላይ 4 ሳንቲ ሜትር መሬት ላይ አንድ ኪሎ ሜትር ነው፤ የሕዝብ መንገዶቹም በአረንጓዴ የተቆራረጠ መስመር ይታያሉ። ለባዝና ለብሪስቶል 155 ቁጥር፣ ለቺፕነምና ለብራድፎርድ ኦን ኤቨን 156 ቁጥር ነው።

አጥር ላይ ሲደርሱ ሦስት ዓይነት ማለፊያ ይገጥምዎታል። አንዱ ተራ በር ነው፤ ተዘግቶ ካገኙት ዘግተው፣ ተከፍቶ ካገኙት ክፍቱን ትተው ይሂዱ። ገበሬው ክፍት የተወው ከብቶቹ ወደ ውሃ እንዲያልፉ ሊሆን ስለሚችል «ለደግነት» መዝጋት ራሱ ጉዳት ነው። ሁለተኛው አጥሩን አቋርጦ የተሠራ የእንጨት ወይም የድንጋይ መወጣጫ ነው፤ ሲረጥብ ያዳልጣልና ምሰሶውን ይዘው ፊትዎን ወደ መወጣጫው አዙረው ይውረዱ። ሦስተኛው በግማሽ ክብ አጥር ውስጥ የሚወዛወዝ በር ነው። በሩን ገፍተው ወደ ክቡ ይገባሉ፣ ጥግ ይይዛሉ፣ በሩን በፊትዎ መልሰው አልፈውት ይወጣሉ። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ብቻ ያልፋል፤ ትልቅ የጀርባ ሻንጣ ከተሸከሙ አውልቀው ከፍ ያድርጉት።

መንገዱ በአዝመራ መሃል ካለፈ አንድ በአንድ ተከታትለው መሃሉን ይሂዱ፤ ጭቃ ለመሸሽ ወደ ጎን መውጣት ሰብሉን ይረግጣል። ከሁሉ በላይ ጥጃ ያላቸውን ላሞች ይጠንቀቁ። የአገር ቤት ላም የለመደ ሰው እዚህ ይዘናጋል፤ የእነዚህ ላሞች ክብደት ከፍ ያለ ነው፣ እረኛም አብሯቸው የለም። በላምና በጥጃዋ መካከል አይለፉ፤ በሩቁ ዞረው፣ ሳይሮጡ፣ ሳይጮኹ ይሂዱ። ውሻ ይዘው ከሆነ በአጭር ገመድ ይያዙት፤ ላሞቹ ከመጡ ግን ገመዱን ይልቀቁ። የሚያሳድዱት ውሻውን ነው፣ እሱ ደግሞ ከሰው ይበልጥ ይሮጣል።

ረጅም ሣር ውስጥ ከሄዱ ማታ እግርዎን፣ ብብትዎንና የጉልበትዎን ጀርባ ለመዥገር ይፈትሹ። ካገኙ በቀጭን መቆንጠጫ ከቆዳው ሥር ይዘው ቀጥ አድርገው ይሳቡት፤ በጣት አይጨፍልቁት። በቀጣዮቹ ሳምንታት ቆዳው ላይ እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ክብ ከታየ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል።

አንድ ቀን ብቻ በእግር ብንሄድ የትኛውን መንገድ ትመክራላችሁ?

ጀልባ የሚሄድበትን የኬኔትና ኤቨን ቦይ ዳር ይዞ ከብራድፎርድ ኦን ኤቨን እስከ ባዝ። 16 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሜዳ ስለሆነ ልጆችም ትልልቅ ሰዎችም ይችሉታል። ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ይመድቡ። ከባዝ ተነስቶ ወደ ብራድፎርድ መሄድም ይቻላል፤ የምንመክረው ግን ጠዋት በባቡር ብራድፎርድ ሄደው በእግር ወደ ባዝ መመለስን ነው። እንዲህ ከሆነ መጨረሻ ላይ ደክሞዎት ባቡር የሚያሳድዱበት ምክንያት የለም፣ ባዝ ደግሞ የሚበላበት ቦታ ሞልቷል።

ከመነሳትዎ በፊት ከብራድፎርድ ጣቢያ አጠገብ ያለውን የ14ኛው ክፍለ ዘመን የአሥራት ጎተራ ይግቡበት። ገበሬው ለገዳም የሚከፍለው የሰብሉ አሥራት የሚከማችበት ነበር፤ ርዝመቱ 51 ሜትር ያህል ነው። ውስጥ ገብተው ቀና ሲሉ ጣሪያውን የተሸከሙት የተጠማዘዙ ግዙፍ እንጨቶች ከግድግዳ ተነስተው ከላይ ሲገናኙ ይታያሉ። እህል የለበትም፤ ባዶነቱ ግን የእንጨት ሥራውን አጉልቶ ያሳያል።

ከዚያ 2 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ሄደው ኤቨንክሊፍ ይደርሳሉ። እዚህ ቦዩ ራሱ በድንጋይ ድልድይ ላይ ሆኖ ወንዙንና የባቡር ሐዲዱን ይሻገራል፤ ጀልባዎች ከባቡር በላይ ሲያልፉ ያያሉ። ብዙ ሰው መንገድ የሚስተው እዚህ ነው፦ የእግር መንገዱ ወደ ሌላኛው ዳር ስለሚዞር በድልድዩ ሥር አልፈው በማዶ መውጣት አለብዎት። የደከመው ሰው ካለ ከዚህ ወይም ከሚቀጥለው ከፍሬሽፎርድ በባቡር መመለስ ይችላል። ኤቨንክሊፍ ላይ ባቡሩ የሚቆመው ከተጠየቀ ብቻ ነውና ሲመጣ እጅዎን ዘርግተው ያሳዩ፤ መውረድ የሚፈልግ ደግሞ ለባቡሩ ሠራተኛ አስቀድሞ ይንገር፣ መድረኩ አጭር ስለሆነ ሁሉም በር አይከፈትም።

ቀጥሎ በ1805 የተጠናቀቀው፣ ጆን ሬኒ የነደፈው የደንዳስ የቦይ ድልድይ አለ። ከላይ ብቻ አይተው አይለፉ፤ በደረጃው ወርደው ከወንዙ ዳር ቀና ብለው ይዩት። ቦዩ በ1810 ከዳር እስከ ዳር ተከፍቶ፣ ባቡር ሥራውን ሲወስድበት ቀስ በቀስ ተበላሽቶ፣ በፈቃደኞች ረጅም ድካም ታድሶ በ1990 እንደገና የተከፈተ ነው። ዳር ዳሩን የታሰሩት ጠባብ ጀልባዎች የሰው መኖሪያ ናቸው፤ በመስኮት አይመልከቱ፣ ገመዳቸውን አይርገጡ። ከኋላ የብስክሌት ደወል ከሰሙ ወደ አንድ ጎን ብቻ ይጠጉ፤ ቤተሰብ ግማሹ ወደ ግራ ግማሹ ወደ ቀኝ ሲበተን ነው ግጭት የሚመጣው።

ካስል ኩምና ሌይኮክ ሁለቱም መታየት አለባቸው?

ጊዜ ካለ አዎ፣ ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ አይደለም። ሁለቱም ማር የመሰለ የድንጋይ ቤት ያላቸው ጥንታዊ መንደሮች ናቸው፤ ከባዝ እያንዳንዳቸው በመኪና ግማሽ ሰዓት ገደማ ይርቃሉ።

ካስል ኩም በጣም ትንሽ ናት፤ አንድ መንገድ፣ አንድ ድልድይ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ የገበያ አዳራሽ። ከ10፡30 እስከ 16፡00 ባለው ጊዜ የጎብኚ አውቶቡስ ይሞላታል። በዚያ ሰዓት የሄደ ሰው ያየው የሌላውን ሰው ጀርባ ነው። ከ9፡00 በፊት ወይም ከ17፡00 በኋላ ይሂዱ። መኪናውን ከላይ ባለው ማቆሚያ ትተው ቁልቁል በእግር ይውረዱ። ቤቶቹ ውስጥ ሰው ይኖራል፤ በር ላይ ተደግፎ ፎቶ መነሳት ነዋሪዎቹን የሚያስመርር ነገር ነው። እግር ካልደከመ ከመንደሩ ወደ ሎንግ ዲንና ፎርድ የሚሄደውን የወንዝ ዳር መንገድ ይያዙ፤ ዙሩ 8 ወይም 9 ኪሎ ሜትር ይሆናል፣ አንዱ ወገን ዳገት አለው። አጠገብ የመኪና እሽቅድምድም ሜዳ አለና ፀጥታ ፈልገው የሚመጡ ከሆነ የውድድር ቀኖቹን አስቀድመው ይመልከቱ።

ሌይኮክ ግማሽ ቀን ይገባታል። መንደሩ አብዛኛው ናሽናል ትረስት የተባለው የቅርስ ጥበቃ ድርጅት ሲሆን፣ ገዳሙን በ1232 የመሠረተችው የሳልዝበሪ መስፍን መበለት ኤላ ናት። ገዳሙ በኋላ የግል መኖሪያ ሆነ፤ ከነዋሪዎቹ አንዱ ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት ነበር። በደቡቡ አዳራሽ ውስጥ ወደ ውጭ የወጣች አንዲት መስኮት አለች፤ በኦገስት 1835 ታልቦት ይህችን መስኮት በትንሽ የእንጨት ሣጥን ካሜራ አንስቶ ዛሬ በዓለም ካሉት የፎቶ ኔጌቲቮች ሁሉ ቀዳሚውን ሠራ። ምስሉ የፖስታ ቴምብር ያህል ነው። ታልቦት ምስሉ አዲስ በነበረበት ጊዜ የመስኮቱን 200 ያህል ትንንሽ መስታወቶች በማጉያ መቁጠር ይቻል እንደነበር ጽፏል። መስኮቷ ፊት ቆመው በስልክዎ ሲያነሷት ሁሉ ነገር የተጀመረበት ቦታ ላይ ነዎት። ጎብኚዎች መኪና የሚያቆሙት ከመንደሩ ውጪ ባለው ሰፊ ቦታ ነው፤ ከዚያ ጥቂት ደቂቃ በእግር ነው።

ስቶንሄንጅ ይሻላል ወይስ ኤቭበሪ?

ሁለቱም የጥንት ሰዎች በክብ ያቆሟቸው ድንጋዮች ያሉባቸው ቦታዎች ናቸው፤ አንዱን ብቻ ማየት የሚችል ሰው ኤቭበሪን ይይ እንላለን። ስቶንሄንጅ ከባዝ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሰዓት ተቆርጦ ትኬት ይገዛል፣ ከመቀበያው እስከ ድንጋዮቹ 2 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ ወይም በእግር ይኬዳል፣ በመደበኛው ሰዓት ድንጋዮቹን መንካት አይፈቀድም። ድንጋዮቹ አናት ላይ የተጋደሙትን ድንጋዮች ማየት ግን ሌላ ቦታ የለም፤ ለዚያ ሲሉ የሚሄዱ ሰዎች አይጸጸቱም። የመጀመሪያውን ወይም የመጨረሻውን ሰዓት ይያዙ።

ኤቭበሪ ከባዝ 43 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዓለም ትልቁ የድንጋይ ክብ እዚያ አለ፤ በጣም ሰፊ ከመሆኑ የተነሳ መንደርና ፐብ በውስጡ ይገኛል። በድንጋዮቹ መካከል በጎች ይግጣሉ፣ እርስዎም እጅዎን ድንጋዩ ላይ ያሳርፋሉ። ወደ ክቡ መግባት በነጻ ነው፤ የሚከፈለው ለመኪና ማቆሚያ ነው። ብዙዎቹ ድንጋዮች በመካከለኛው ዘመን ተቀብረው ወይም ተሰባብረው ነበር፤ በ1930ዎቹ የአርኪኦሎጂ ባለሙያው አሌክሳንደር ኪለር አስቆፍሮ ብዙዎቹን አስነሳ። የጠፉት የነበሩበት ቦታ በሲሚንቶ ምልክት ይታወቃል፤ ይህን ሳያውቅ የሚያልፍ ሰው ክቡ ጎዶሎ ይመስለዋል።

ከኤቭበሪ በእግር ወደ ደቡብ ሲሄዱ በአውሮፓ ትልቁ ሰው ሠራሽ የጥንት ጉብታ ሲልበሪ አለ። በ2400 ዓመተ ዓለም ገደማ የተከመረ ነው፤ አፈሩ ስለሚሸረሸር መውጣት ክልክል ነው። ዋናውን መንገድ ተሻግረው ጥቂት ዳገት ሲወጡ ዌስት ኬኔት የሚባለውን ረጅም መቃብር ያገኛሉ። ከጉብታው ይልቅ በሺህ ዓመት የሚበልጥ ዕድሜ አለው፤ ውስጡ መግባት ይቻላል፣ አምስት ክፍሎች አሉት። የእጅ ባትሪ ይያዙ፣ ጫማዎም ጭቃ የሚችል ይሁን።

ባዝን በአንድ ቀን ማየት ይቻላል?

ይቻላል፤ መኪናውን ከከተማ ውጪ ከተዉ። ላንስዳውን፣ ኒውብሪጅና ኦድ ዳውን ላይ ፓርክ ኤንድ ራይድ የሚባሉ ማቆሚያዎች አሉ፤ ከዚያ አውቶቡስ መሃል ከተማ ያደርሳል። የሮማውያኑን መታጠቢያ በመጀመሪያው ሰዓት ይያዙ፤ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ምንጩ በየቀኑ ከአንድ ሚሊዮን ሊትር በላይ ውሃ ያፈልቃል፣ ሙቀቱም 46 ዲግሪ ነው። ፍል ውሃን ለሚያውቅ ሰው ሽታውና እንፋሎቱ እንግዳ አይደለም። ውሃው ያልታከመ ስለሆነ እዚያ መታጠብም መንካትም አይፈቀድም፤ መታጠብ የሚፈልግ ሰው አጠገቡ ያለውን በ2006 የተከፈተውን ቴርሜ ባዝ ስፓ ይያዝ፣ ዕድሜ ግን ከ16 ዓመት ጀምሮ ነው። ከሰዓት በኋላ በእግር ወደ ሮያል ክረሰንት ይውጡ፤ ከ1767 እስከ 1774 የተሠሩ 30 ቤቶች በአንድ ግማሽ ጨረቃ ተደርድረዋል። ዲሴምበር ላይ የገና ገበያ ሲቆም ከተማውም ማረፊያውም ይጨናነቃል።

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤት የት ነው? መግባትስ ይቻላል?

ፌርፊልድ ሃውስ ይባላል፤ በከተማው ምዕራባዊ ክፍል፣ ኒውብሪጅ ሠፈር፣ ኬልስተን መንገድ ላይ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በእኛ አቆጣጠር በሰኔ 1928 ዓ.ም. በጄኔቫ ለመንግሥታት ማኅበር ካሰሙት አቤቱታ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1936 ባዝ መጥተው ቤቱን ገዙ፤ እስከ 1940 የስደት ዘመናቸውን ከቤተሰባቸው ጋር ያሳለፉት በዚያ ነው። በ1958 ደግሞ ለአረጋውያን እንዲውል ለባዝ ከተማ በስጦታ ሰጡት።

ቤቱ ለሕዝብ የሚከፈትባቸው ቀኖች የተወሰኑ ናቸው፤ የአካባቢው ሰዎችም የሚሰባሰቡበት ስለሆነ ሳይደውሉ ሄዶ በር ማንኳኳት አይገባም። ከመምጣትዎ ሁለት ሳምንት በፊት የመክፈቻ ቀናቸውን አጣርተው የባዝ ቀንዎን ከዚያ ጋር ያገጣጥሙ። ከመሃል ከተማ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ በአውቶቡስ ይደረሳል። ትልልቅ ሰዎች ይዘው ከመጡ ከሌላው ሁሉ ይህን ያስቀድሙላቸው፤ ከሮማውያኑ መታጠቢያ ይልቅ ስለዚህ ቤት የሚነግሩዎት ይኖራቸዋል።

የጾም ምግብ እናገኛለን? የአሳማ ሥጋስ እንዴት ነው?

ይገኛል፣ ግን በራሱ አይመጣም። የእንግሊዝ ሙሉ ቁርስ በመሠረቱ የአሳማ ነው፤ ቤከኑም ቋሊማውም ከአሳማ ነው፣ ጥቁሩ ክብ ቋሊማ ደግሞ በደም የተሠራ ነው። ክፍል ሲይዙ በጽሑፍ ይንገሩ፣ ማታ ላይ ደግሞ ለአስተናጋጁ ያስታውሱ። ጠዋት 8፡00 ላይ መጠየቅ ለወጥ ቤቱም ለእርስዎም ዘግይቷል።

ለጾም የሚቀርበው ቃል «ቪጋን» ነው፤ «ቬጀቴሪያን» አይበሉ፣ እሱ እንቁላል፣ አይብና ቅቤ ይጨምራል። ቁርስ ላይ በቲማቲም የተቀቀለው ባቄላ፣ ቲማቲሙ፣ እንጉዳዩና ድንቹ ይሆናሉ። እንጉዳዩ ግን ብዙ ጊዜ በቅቤ ወይም ቤከን በተጠበሰበት መጥበሻ ስለሚሠራ «በዘይት፣ በሌላ መጥበሻ» ብለው ይጠይቁ። ዳቦው ቅቤ ሳይቀባ ይምጣ፣ የአጃ ገንፎው በውሃ ወይም በአጃ ወተት ይሠራ። እራት ላይ የሚያታልሉት ሦስት ናቸው፦ ሾርባው ክሬም ይገባበታል፣ ግሬቪ የሚባለው ቡናማ መረቅ ከሥጋ ይሠራል፣ ድንች ጥብሱም በአንዳንድ ቤት በበሬ ጮማ ይጠበሳል። ሕጉ 14 ዓይነት አለርጂ የሚያስነሱ ነገሮችን እንዲያሳውቁ ያስገድዳቸዋል፤ ወተትና እንቁላል ከነዚያ ውስጥ ስለሆኑ መዝገቡን ቢጠይቁ ያሳይዎታል። ሐላል ሥጋ በመንደር ፐብ አይጠበቅም፤ ሙስሊም እንግዶች ዓሣ ወይም አትክልቱን ይዘው የተጠበሰበትን ዘይት ይጠይቁ።

ፐቡ ውስጥ የሚታዘዘው እንዴት ነው?

ተቀምጦ ከመጠበቅ ይልቅ ተነስቶ ወደ ባንኮኒው መሄድ ነው። የጠረጴዛዎን ቁጥር ያንብቡ፣ ባንኮኒው ላይ ምግብና መጠጥ ያዝዙ፣ ብዙ ቦታ እዚያው ይከፍላሉ። ሰልፍ ባይታይም ተራ አለ፤ ከእርስዎ በፊት የመጣውን ያስቀድሙ። አንድ ፓይንት 568 ሚሊ ሊትር ነው፤ ግማሽም ይሸጣል። በፓምፕ የሚቀዳው ኤል የሚባለው ቢራ እንደ ሌላው ቢራ ቀዝቃዛ አይደለም፣ ከመሬት በታች ባለው ማከማቻ ሙቀት ነው፤ ተበላሽቶ አይደለም። የሱመርሴት ሳይደር (ከፖም የሚሠራ የአልኮል መጠጥ) ጣፋጭ ቢመስልም ጠንካራ ነው። የሚነዳው ሰው ጨርሶ ባይጠጣ እንመክራለን፤ መንገዱ ጨለማና ጠባብ ነው። ምሳ በአብዛኛው ከ12፡00 እስከ 14፡00 ወይም 14፡30፣ እራት ከ18፡00 እስከ 21፡00 ነው። ከእግር ጉዞ 14፡40 ላይ የደረሰ ሰው የሚያገኘው የታሸገ ድንች ጥብስ ነው፤ መንገዱን ከወጥ ቤቱ ሰዓት ጋር አስልተው ይነሱ።

መቼ ብንመጣ ይሻላል? ዝናቡስ?

ሜይና ጁን፣ ቀጥሎ ሴፕቴምበር። ጁን መጨረሻ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው 21፡30 ገደማ ስለሆነ ከእራት በኋላም መንደሩን መዞር ይቻላል። ዲሴምበር ላይ 16፡00 ይጨልማል፤ ጉዞው ጠዋት ካልተጀመረ አይሆንም። ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ሜይ አጋማሽ ጫካው ውስጥ ሰማያዊ አበባ ምንጣፍ ይመስላል፤ አይቀጠፍም፣ ከመንገዱም አይወጣም። ኦክቶበር ላይ ከባዝ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለው የዌስተንበርት የዛፎች ማሳያ ቅጠሉ ቀይና ወርቅ ይሆናል።

ዝናብ በየትኛውም ወር ይመጣል። ጃንጥላ በጫካና በአጥር መሃል አይመችም፣ ኮፍያ ያለው የዝናብ ልብስ ይሻላል። ጫማው ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ይሁን። ጭቃ ለብሶ ሲመለስ በር ላይ ያውልቁት፤ ብዙ ማረፊያ የጭቃ ጫማ ማስቀመጫ አለው። ውስጡን ጋዜጣ ጠቅጥቀው ያሳድሩት፣ ጋዜጣው ሲርስ አንድ ጊዜ ይለውጡት። ማሞቂያው ላይ ካስቀመጡት ቆዳው ይደርቅና ይሰነጠቃል፣ የሶሉም ማጣበቂያ ይለቃል።